የሰኞ ሳል

ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አዳማ ዳር ባለው የክር ፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሳል ይሰለፋል። የሚሰለፈው ሠራተኛው ነው፣ እርግጥ፤ ከሩቅ የሚሰማው ግን ሳሉ ነው። ደረቅ፣ አጭር፣ ቶሎ ቶሎ የሚል ሳል። ማክሰኞ ይቀንሳል፣ ሐሙስ ይረሳል፣ ቅዳሜ የለም ማለት ይቻላል። እሁድ ሰዉ ያርፋል፤ ሰኞ እንደገና ይጀምራል። የፈረቃ አለቆቹ ለዚህ ነገር መልሳቸው የተዘጋጀ ነው። "እሁድ ሶደሬ ወርደው ሲጠጡ ይውላሉ፤ ታዲያ ምን ይሁኑ!" ይላሉ። ከሠራተኞቹ አንዷ ሃፍሳ በሕይወቷ አንድ ብርጭቆ ቢራ ከንፈሯን አስነክታ አታውቅም። ሶሲ እሁድ ከጠዋት እስከ ከሰዓት ጸሎት ቤት ነው የምትውለው። ሁለቱም ሰኞ ሰኞ ደረታቸውን ይዘው ይስላሉ። ይህን ለአለቆቹ ማን ያስረዳቸው?

ማስረዳቱ የዱሬቲ ጫምሳ ሥራ ነበር። ወረቀት ላይ ያለው ማዕረጓ ረጅም ነው፤ የሥራ ደህንነትና ጤንነት ክፍል ኃላፊ። ክፍሉ እሷ ራሷ፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የመድኃኒት ሳጥን ነው። ግቢው ውስጥ ግን በዚህ ማዕረግ የሚጠራት የለም። "የወተቷ አዴ" ነው የሚሏት፤ አዴ በኦሮምኛ ወይዘሮ ማለት ነው። አርባ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ሃያ አንዱን እዚያው ግቢ ውስጥ ጨርሳለች፤ ይህ ስም ሲጠራ አንጀቷ ይቃጠላል። የበለጠ የሚያቃጥላት ደግሞ ስሙ ትክክል መሆኑ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥጥ ማፍታቻ የሚሉት ክፍል አለ። ከአዋሽ ሸለቆ እርሻዎች ታስሮ የመጣው ጥጥ እዚያ ይፈታል፣ ይመታል፣ ይበጠራል፤ አቧራው ቀኑን ሙሉ እንደ ጉም ቆሞ ይውላል። ጣሪያው ላይ ይህን አቧራ እየሳበ ወደ ውጭ የሚያወጣ ትልቅ ማሽን ነበረ። ነበረ ነው እንግዲህ። ሞተሩ ተቃጥሎ ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ከተቀደደ ሁለት ዓመት ሆነው። ዱሬቲ እንዲጠገን ደብዳቤ ጻፈች፤ ማስታወሻ ጻፈች፤ ማስታወሻውን የሚያስታውስ ሌላ ማስታወሻ ጻፈች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ገመዳ አንድ ቀን እንኳ ተቆጥተዋት አያውቁም፤ ቢቆጡ ይሻላት ነበር። ፈገግ ብለው የሚመልሱት መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው።

"ወተት እንሰጣለን አይደል እንዴ?"

ይሰጣሉ። ለማፍታቻው ክፍል ስልሳ አራት ሠራተኞች፣ ለእያንዳንዳቸው በቀን ግማሽ ሊትር፣ አራት ሰዓት ላይ፣ በዱሬቲ ጭልፋ። ወተት አቧራውን ከጉሮሮ ጠርጎ ያወርዳል ተብሎ ይታመናል። አቶ ገመዳ ያምናሉ፤ የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዱጋሳ ያምናል፤ በር ላይ ያለው ጥበቃ ሳይቀር ያምናል። አቧራው የሚገባው ሳንባ፣ ወተቱ የሚገባው ሆድ፣ ታዲያ የት ተገናኝተው ነው አንዱ ሌላውን የሚጠርገው ብላ ስትጠይቅ ሰዉ በአዘኔታ ያያታል። ጾም ሲገባ ጉዱ ይብሳል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾሙት ኩባያቸውን ይደፋሉ፤ ረመዳን ሲገባ ደግሞ ሙስሊሞቹ ቀን አይቀምሱም። ሁዳዴ ሙሉውን፣ ሃምሳ አምስት ቀን፣ ግማሹ ክፍል ያለ "መከላከያ" ይውላል። አቧራውም አብሮ ይጾም እንደሆነ ዱሬቲ አንዴ በአስተዳደር ስብሰባ ላይ ጠይቃ ነበር። ሁሉም ሳቁ። "አንቺ ደግሞ ጨዋታ ታውቂያለሽ!" ተባለች። እሷ አልተጫወተችም፤ ደሟ ፈልቶ ነው ከስብሰባው የወጣችው።

ማስክ የለም እንዳይመስላችሁ፣ አለ። ንብረት ክፍል ውስጥ ተቆልፎበት በካርቶኑ ተቀምጧል። ከአዲስ አበባ እንግዳ ሲመጣ ይታደላል፤ እንግዳው መኪናው ውስጥ ገብቶ ከግቢ ሳይወጣ ይሰበሰባል። ለምን ሲባል፣ እንዳይቆሽሽ! ለአቧራ የተገዛ ማስክ አቧራ እንዳይነካው ይጠበቃል። ዱሬቲ በዚህ ነገር የንብረት ክፍሉን ሰውዬ ስንት ጊዜ እንደተጣላችው እሷም አታውቀው።

ዱሬቲ የአቦምሳ ልጅ ናት። ኩየራ ተምራ፣ በነርስነት ተመርቃ፣ በሃያ ስድስት ዓመቷ ለፋብሪካው ክሊኒክ ተቀጠረች። በነዚያ ዓመታት ወደ ክሊኒኩ የሚመጣው ሰው በሽታው ብዙውን ጊዜ ርሃብ ነበር። ቁርስ ሳይቀምስ ስምንት ሰዓት ቆሞ የሚሠራ ሰው ዞሮበት ይወድቃል፤ ማሽን ላይ ወድቆ ጣቱን ያጣም ነበረ። ለሠራተኛው ቁርስ ይሰጥ ብላ ሦስት ጊዜ ጻፈች። ሦስቱንም ጊዜ "ምግብ ቤት አልከፈትንም" ተባለች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በአራተኛው ጊዜ፣ ብልጥ ሆነች። ከዱጋሳ ጋር ተማከረችና "ለአቧራ ተጋላጭ የሆነ ሠራተኛ አቧራውን ለመከላከል ወተት ያስፈልገዋል" ብላ ጽፋ ፈረመችበት፤ የክሊኒኩንም ማኅተም መታችበት። በሳምንቱ ጸደቀ። ኅብረት ስምምነቱ ውስጥም ገባ።

ውሸት መሆኑን ታውቅ ነበር። ግን ያኔ አቧራ መሳቢያው ይሠራል፣ ሰዉ ይራባል፣ ወተት ደግሞ ምግብ ነው፤ ማን ተጎዳ? መውደቁ ቆመ። ጉንጯን የሳሟት ሴቶች ነበሩ። ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ቆይታ ቆይታ ማሽን ላለመጠገን ሰበብ ትሆናለች ብላ እንዴት ታስብ! አቶ ገመዳ ወተት እንሰጣለን ባሉ ቁጥር እሷኑ መልሰው እያነበቡላት ነው። ስለዚህ በእሳቸው ስትናደድ ግማሹ ንዴት ወደ ራሷ ይመለሳል፤ ቤቷ ገብታም አይለቃትም። ባሏ ጋሮምሳ ራት ላይ "ዛሬስ ላሟ ምን አደረገችሽ?" እያለ ይቀልድባታል።

ክሊኒኩ ሲዘጋ ደህንነት ክፍል አደረጓት። አንድ ሥልጠና ላይ የተዋወቀችው ሐኪም ትንፋሽ መለኪያ ሰጣት፤ ሲነፉበት ቀስቱ ወደ ቁጥር የሚገፋ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። አቧራ መሳቢያው ከቆመበት ሳምንት ጀምሮ ሰኞና ቅዳሜ የማፍታቻውን ሠራተኛ እያስነፋች ቁጥሩን ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሐኪሙ እንደነገራት የጥጥ አቧራ በሽታ ሲጀምር ሰኞን ይመርጣል፤ እሁድ ያረፈ ደረት ሰኞ አቧራውን እንደ አዲስ ሲያገኘው ይጨብጠዋል። ሲቆይ ግን ሰኞ ብቻ መሆኑ ይቀራል። ማክሰኞም ይሆናል፣ ከዚያ በየቀኑ ይሆናል፣ ከዚያ ደረጃ መውጣት ያቅታል። እዚያ ከደረሰ ወዲያ መመለሻ የለውም።

ሃፍሳ ወደዚያ እየሄደች ነበር። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሦስት ዓመት የሞላቸው መንታ ልጆች አሏት፤ አባታቸው ጅቡቲ መስመር ላይ ከባድ መኪና እነዳለሁ ብሎ ወጥቶ ቀርቷል። ደብተሩ ላይ የመጀመሪያው ሰኞዋ አራት መቶ አሥር ይላል። ባለፈው ጥር ሦስት መቶ ሃያ ነፋች። ግንቦት ሲገባ ሁለት መቶ ዘጠና ሆነ፤ ያውም ቅዳሜ ጭምር። ዱሬቲ ያን ቁጥር ስትጽፍ ፈራች። እንዳጋጣሚ ማሸጊያ ክፍል አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። ማሸጊያው ንጹሕ ነው፣ መስኮት አለው፣ ደመወዙም ያው ነው። ሮጣ ሄዳ አስፈቀደችላትና ደስ እያላት ተመልሳ ነገረቻት።

"አልሄድም" አለች ሃፍሳ።

"አልሄድም ማለት ምን ማለት ነው?"

"አዴ ዱሬቲ፣ ማሎ፣ ይተዉኝ። እዚሁ ደህና ነኝ።"

"ደህና ነኝ! ይህን ደረት ይዘሽ ነው ደህና ነኝ የምትዪኝ? ማን አስፈራራሽ? አለቃሽ ነው?"

"ማንም አላስፈራራኝም።"

"ታዲያ ምን ሆነሽ ነው?"

ሃፍሳ ዙሪያዋን አየች። ሰው እንደሌለ ስታረጋግጥ ሻርፗን ገለጥ አደረገችው። ብብቷ ሥር ግማሽ ድረስ ወተት ያለበት የሃይላንድ ፕላስቲክ ነበር።

"ማሸጊያ ክፍል ወተት የለም" አለች። "በረመዳን ማፍጠሪያ ብለው ወደ ቤት እንድንወስድ ፈቅደውልን አልነበር? ያኔ ልጆቼ ለመዱት። ከዒድ በኋላ እንዴት ብዬ ልከልክላቸው? ወላሂ፣ ከዚህ ሌላ ወተት አያውቁም።"

ዱሬቲ ፕላስቲኩን ተቀብላ አየችውና መለሰችላት። ወተት እዚያው ተጠጥቶ እንዲያልቅ ደንብ ያወጣችው እሷ ናት። "ፊቴ ጠጪ! ኩባያውን ገልብጪና አሳዪኝ!" እያለች ስንት ጊዜ ጮኻባታለች! ሴትየዋ ደግሞ ከምሰሶው ኋላ ቆማ ወደ ፕላስቲኩ እየገለበጠች፣ ለልጆቿ ግማሽ ሊትር ወተት ስትል አቧራውን ስትውጠው ከርማለች። አስሮ አቧራው ውስጥ ያስቀመጣት ለመከላከያ ተብሎ የተሰጠው ነገር ነው።

"ልጆችሽ እናት አይፈልጉም?" አለቻት።

"ይፈልጋሉ" አለች ሃፍሳ። "ወተትም ይፈልጋሉ።"

ዱሬቲ ያን ዕለት በሃፍሳ ተናደደች፣ በአቶ ገመዳ ተናደደች፣ በዱጋሳ ተናደደች፣ ወተቱን በጄሪካን በሚያመጣው ባለባጃጅ ሳይቀር ተናደደች። የምትናደድበት ሰው ስታጣ ደብተሯን ይዛ ቁጭ አለች።

በዚያው ሳምንት ዓርብ አዳማ ውስጥ ትልቅ ስብሰባ ነበር። አዳማ ስብሰባ የማይኖርበት ሳምንት የለም፤ አዲስ አበባ ያለ መሥሪያ ቤት ሁሉ ማሰብ ሲፈልግ ወደ አዳማ ነው የሚወርደው። የዚህኛው ባነር "ሀገር አቀፍ የሥራ ቦታ ደህንነትና ጤንነት የምክክር መድረክ" ይላል። ለፋብሪካዎች ሁሉ የሚሆን መመሪያ ተረቅቋልና የሙያው ሰዎች አስተያየት እንዲሰጡበት ነው። ከነዱሬቲ ፋብሪካ አቶ ገመዳ፣ ዱጋሳና ዱሬቲ ተጋበዙ። ዱሬቲ አዳራሹ ውስጥ እንደገባች ዓይኗ የሄደው የአደጋ ጊዜ መውጫው ላይ ነው። በሩ ፊት ለፊት ወንበር እስከ ጣሪያ ተደራርቧል፤ በሩም ተቆልፏል። አስተናጋጁን ጠየቀችው። "ቁልፉ ሰውዬው ጋ ነው፤ ሰውዬው ደግሞ ሞጆ ሄዷል" አላት። ሁለት መቶ የደህንነት ኃላፊ ተቆልፎበት ስለ ደህንነት ሊወያይ ነው። ዱሬቲ በሩ አጠገብ ያለ ወንበር መርጣ ተቀመጠች።

ረቂቁ ታደለ። "ለአቧራ ተጋላጭነት መከላከያ መንገዶች" የሚል ዝርዝር አለው፤ አራተኛው ወተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ላይ አንድም ሰው አስተያየት አልሰጠም። ወተቱ ላይ ሲደረስ አዳራሹ ነፍስ ዘራ። አንዱ ግማሽ ሊትር ያንሳል፣ አንድ ሊትር ይሁን አለ። ሌላው በጾም ቀን በምን ይተካ ብሎ ጠየቀ፤ ማር ያለ አለ፣ ሙዝ ያለ አለ፣ ተልባ ያለም አለ። አቶ ገመዳ እጃቸውን አውጥተው የእኛ ፋብሪካ አሥራ ሁለት ዓመት ሳያቋርጥ ወተት ያቀርባል ሲሉ ተጨበጨበላቸው። አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ወተት። ዱሬቲ መታገሥ አቃታትና ተነሣች።

"ወተቱ ይከላከላል ብለው ከጻፉት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ" አለች። "ዋሽቼ ነው የጻፍኩት።"

ደብተሯን ከፍታ አነበበች። የሃፍሳን ስም አልጠራችም፤ ቁጥሯን ነው ያነበበችው፣ ሰኞ በሰኞ፣ ከአራት መቶ አሥር እስከ ሁለት መቶ ዘጠና። "ለዚህች ሠራተኛ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት መቶ ሊትር ያህል ወተት በእጄ ቀድቼላታለሁ። ትንፋሿ ይኸው ነው። ወተት አቧራ አይከላከልም። አቧራ የሚከላከለው አቧራውን ስበው ሲያወጡት ነው፤ ማስክም ቢሆን ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ወተት ከዚህ ዝርዝር ይውጣ። ይህ ማለት ግን..."

"የሠራተኛውን ወተት ልታስቀሪ ነው እንዴ የመጣሽው?" ዱጋሳ ከመቀመጫው ተነሥቶ ጮኸ። "አሥራ ሁለት ዓመት ታግለን ያገኘነውን! አብረሽኝ አልነበርሽም?"

"ዱጋሳ፣ አስጨርሰኝ! ይህ ማለት ግን ወተቱ..."

"ክቡራን ተሳታፊዎች፣ የሻይ ሰዓት ደርሷል" አለ መድረክ መሪው።

ሰዉ ተነሣ። ሳምቡሳ ሊያልቅበት የፈራ ሰው ዓረፍተ ነገር ለማስጨረስ አይቆምም። ዱሬቲ ማይክሮፎኑን እንደያዘች ቀረች፤ ማይክሮፎኑም ተዘጋ። ከረቂቁ አዘጋጆች አንዷ፣ ሶፊ የምትባል መነጽር ያደረገች ሴት፣ ስልክ ቁጥሯን ተቀብላት ሄደች። ከሻይ በኋላ ውይይቱ ስለ ሌላ ርዕስ ሆነ።

ሰኞ ጠዋት ዱሬቲ ስትገባ ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ሰው ተሰብስቧል። እየገፋች ገብታ አነበበች። "በደህንነት ኃላፊያችን በተሰጠው ሙያዊ አስተያየት መሠረት ወተት አቧራን የማይከላከል መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከዛሬ ጀምሮ አቅርቦቱ የተቋረጠ መሆኑን እናሳውቃለን።" ፊርማና ማኅተም አለበት። ስለ አቧራ መሳቢያው አንድ ቃል የለውም። ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፈችው አንድም ደብዳቤ ሥራ ላይ ሳይውል፣ ይህኛው፣ ያልጨረሰችው ዓረፍተ ነገር፣ በሁለት ቀን ውስጥ ተፈጸመ። ዱሬቲ እዚያው ቆማ መሳቅ አማራት፤ ከዚያ ማልቀስ አማራት።

አራት ሰዓት ሲሆን ሠራተኛው እንደ ልማዱ ተሰለፈ። ወተት የለም። ማንም ተመልሶ አልገባም፤ ስልሳ አራቱም ግቢው ውስጥ መሬት ላይ ተቀመጡ። ዱሬቲ በአጠገባቸው ስታልፍ ሴቶቹ ፊታቸውን አዞሩባት። "ደስ አለሽ?" አላት ዱጋሳ። ሃፍሳ ጉልበቷን አቅፋ መሬት መሬት ታያለች፤ ሰላምታዋንም አልመለሰችላትም።

አቶ ገመዳ ሠራተኛው ከምሳም በኋላ እንዳልተንቀሳቀሰ ሲያዩ ወጡ። አሁንም ፈገግ ብለዋል።

"እኔ የማዳምጥ ሰው ነኝ" አሉ። "ባለሙያችን ማሽን ትላለች፣ እናንተ ወተት ትላላችሁ። ለሁለቱም አቅም የለንም። ምረጡ። ወተት ወይስ ማሽን?"

"ወተት!" አለ ዱጋሳ። "ወተት! ወተት!" አለ ሰዉ ሁሉ ተከትሎ። ዱሬቲ ሁለት ዓመት ትንፋሻቸውን የለካችላቸው ሰዎች በአንድ ድምፅ አቧራውን መረጡ። ንዴቷም አልቆ ነበር፤ የቀራት ድካም ብቻ ነው።

ሃፍሳ ተነሣች። ለመናገር አፏን ስትከፍት ሳሉ ቀደማት፤ ደረቷን ይዛ ሳለች፣ ሳለች፣ ሰዉ ዝም እስኪል ድረስ ሳለች።

"ሁለቱንም" አለች ትንፋሿ ሲመለስ።

"ምን አልሽ?" አሉ አቶ ገመዳ።

"ሁለቱንም ነው የምንፈልገው። ለምንድን ነው የምንመርጠው? አቧራውን የምንውጠውም እኛ ነን፣ የምንራበውም እኛ ነን። ልጆቼን ከሚበሉትና ከሚተነፍሱት የቱን ትከለክያለሽ ተብሎ ይጠየቃል?"

ዱሬቲ ይህን ቃል በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ጽፋው አታውቅም። ሁልጊዜ የምትጽፈው አለቃ የሚፈርምበትን ነበር። ምግብ ሲከለከል ምግቡን መድኃኒት ብላ አሳለፈችው፤ ማሽን ሲከለከል ወተቱን ጠላት አደረገችው። ሁለቱንም ማለት የሚቻል መሆኑ ትዝ ብሏት አያውቅም። ሄዳ ዱጋሳ ፊት ቆመችና ደብተሩን ሰጠችው።

"ያንተን ገጽ ፈልግ" አለችው። "ሳስነፋህ ቁጥሩን አትንገሪኝ ትለኝ ነበር። አሁን አንብበው።"

ዱጋሳ ማሽን ጠጋኝ ነው፤ የሚውለው እዚያው ማፍታቻ ክፍል ነው። ገጹን አገኘው። የመጀመሪያው ሰኞ አምስት መቶ ሃያ፣ የመጨረሻው ሦስት መቶ ሰባ። ጣቱን መስመሩ ላይ አድርጎ ወደ ላይ አነበበ፣ ወደ ታች አነበበ። ከዚያ ደብተሩን እንደያዘ ሄዶ ሃፍሳ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

"ሁለቱንም" አለ።

ሰኞን እዚያው ዋሉ፤ ማክሰኞንም ዋሉ። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ የማሸጊያው ክፍል ሠራተኞችም ወጥተው ተቀላቀሏቸው። ረቡዕ ጠዋት አቶ ገመዳ ያለ ፈገግታ ፈረሙ። ወተቱ ይመለሳል፤ ለጤናው ሲባል ክፍል የሚቀይር ሠራተኛ ወተቱ አይቋረጥበትም፤ አቧራ መሳቢያው እስኪጠገን ማፍታቻው ይዘጋል። ሃፍሳ በዚያው ቀን ማሸጊያ ክፍል ገባች።

ሐሙስ ሶፊ ከአዲስ አበባ ደወለች። "ያን ዕለት ያላስጨረሱዎትን ነገር ልስማ ብዬ ነው" አለች። "ረቂቁ ላይ እንዴት አድርገን እንጻፈው?"

"ወተት ምግብ ነው ብላችሁ ጻፉ" አለች ዱሬቲ። "መከላከያ ከሚለው ዝርዝር አውጡት፤ ከሠራተኛው እጅ ግን አታውጡት። ሌላም አለ። የፋብሪካ ሪፖርት ስትቀበሉ ስንት ሊትር ሰጣችሁ፣ ስንት ማስክ ገዛችሁ ብላችሁ አትጠይቁ። ሰኞ ስንት ይነፋሉ ብላችሁ ጠይቁ። እኔ ዘንድ ያለ ቱቦ በያንዳንዱ የጥጥ ፋብሪካ ይኑር። ለካን የሚሉትን ደግሞ መጥታችሁ እዩ፤ ስትመጡም አትደውሉ፤ ከደወላችሁ የምታገኙት ካርቶን ውስጥ የነበረውን ማስክ ነው።"

ሶፊ እየሳቀች ስትጽፍ ይሰማል። "ትንሽ ቀስ ይበሉልኝ" አለች። ዱሬቲ ቀስ ማለት አልቻለችም፤ ሃያ አንድ ዓመት የጠየቃት አልነበረም። ስለ አዳራሹ ቁልፍም ነገረቻት። ምን ያህሉ መመሪያው ውስጥ እንደሚገባ አሁንም አይታወቅም፤ ረቂቁ አስተያየት እየተሰጠበት ነው ይባላል።

አቧራ መሳቢያው ሥራ በተጀመረለት በዘጠነኛው ቀን፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ተነሣ። ሞተሩ ተጠቀለለ፣ ቺንጊያው ተቀየረ፣ ፊልትሮው ከአዲስ አበባ መጣ፤ በቃ። ዱጋሳ ራሱ ነው ጣሪያ ላይ ወጥቶ የገጠመው። ማፍታቻው ውስጥ ከወዲያኛው ግድግዳ ያለ ሰው ፊት ከበሩ ይታያል። ሶሲ ገብታ ስታይ "እንዲህ ሰፊ ነበር እንዴ?" አለች።

በተከታዩ ሰኞ ዱሬቲ ቱቦዋን ይዛ ማሸጊያ ክፍል ሄደች። ሃፍሳ ሥራዋን አቁማ ነፋች። ሁለት መቶ ዘጠና አምስት።

"ተመለሰ?" አለች ሃፍሳ።

"አልተመለሰም። መውረዱ ግን ቆሟል።"

"ወደ ድሮዬ አልመለስም?"

ዱሬቲ ይመለሳል ማለት ምላሷ ላይ መጥቶ ነበር። "ትንሽ ይወጣል" አለቻት። "ሁሉም ግን አይመለስም።"

ሃፍሳ ቱቦውን በሻርፗ ጫፍ ጠርጋ ሰጠቻት።

"ማሽኑን ለመጠገን ስንት ቀን ፈጀ አሉኝ?"

"ዘጠኝ ቀን።"

"ዘጠኝ ቀን ብቻ?"

"ዘጠኝ ቀን" አለች ዱሬቲ።

"እኔ እኮ ሁለት ዓመት ነው የሳልኩት" አለች ሃፍሳ። ድምጿ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሒሳቡ እንዳልገባው ሰው ነው ያለችው።

ዱሬቲ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ከፍታ ቀኑን ጻፈች፣ የሃፍሳን ስም ጻፈች፣ ከጎኑ ሁለት መቶ ዘጠና አምስት ብላ ጻፈች።